ግድግዳው ሳይደርቅ መጻሕፍቱን አስገባሁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ሁለት ዓመትና ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ መጻሕፍት ይተርፉኝ ስለነበር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያስጠነቀቀኝ ሰው ነበር። እሳቸው ጋ እደርሳለሁ።

ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። የግድግዳው ውፍረት 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃና በኖራ ነው። በቅርስነት ስለተመዘገበ ሚስማር ለመምታት እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበን ቤቱን አድሰን ቤተ መጻሕፍት ልናደርገው ተነሣን። አስተባባሪዋ እኔ ነበርኩ። የግንባታ ሙያ የለኝም። ድፍረት ግን ሞልቶኝ ነበር።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ በርና መስኮት ፎቶ አንሱ፤ ለኩ። ከጣሪያውና ከአሸንዳው ጀምሩ፤ ከላይ እየፈሰሰ ከታች የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። የድሮ በርና መስኮት አትጣሉ። እኛ አንድ የተንጋደደ መስኮት ለማገዶ ሊሄድ ሲል አስቁመን በአንድ ሰሞን አስጠገንነው፤ ዛሬ ከአዲሶቹ ሁሉ የተሻለ የሚዘጋው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ቀይሩ። በዚህ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ።

የወለሉን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ሰው ይስታልና። መጽሐፍ ከባድ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው መደርደሪያ ሲሞላ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ስድስት ደረጃ ሲሆን ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አረፈ ማለት ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲችል ተደርጎ ይታሰባል። የመጻሕፍት ማከማቻ ግን ከ700 ኪሎ በላይ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ፎቁ ላይ መደርደሪያ የማስገባቱን ሐሳብ ሰረዝነው። መጻሕፍቱ ምድር ላይ፣ አንባቢዎቹ ፎቅ ላይ ሆኑ። ይህ ውሳኔ የኔ ነበር። እስካሁን እኮራበታለሁ። ከዚያ በኋላ የምኮራበት ነገር ለረጅም ጊዜ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ግድግዳው።

መጀመሪያ የያዝናቸው ግንበኛ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሥራውን ሊጀምሩ ሲሉ ፈቃድ ያገኘንበትን የሥራ ዝርዝር አነበብኩላቸው። "የውስጥ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ልስን፣ አንድ ለሦስት" ይላል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ማለት ነው። ጋሼ ዝም ብለው የግድግዳውን እግር በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ፦

"ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ይተነፍሳል። አፉን አትዝጊበት" አሉኝ።

"ምን ይደረግ ታዲያ ጋሼ?"

"ኖራ ነው። ኖራ አቡክተን እናክርመው። ጊዜ ስጪኝ።"

ምን ያህል ጊዜ ብዬ ስጠይቃቸው ቢያንስ ሁለት ዝናብ ማየት እንዳለብን ነገሩኝ። እኔ ደግሞ የመክፈቻውን ቀን ለሰው ሁሉ አስታውቄ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ ቆርጬ ራሴ የተናገርኩት ቀን ነው።

ያም ሆኖ ሞክሬአለሁ። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄጄ ልስኑ ወደ ኖራ ይቀየርልኝ ብዬ አመለከትኩ። የመደቡልን መሐንዲስ ጨዋ ሰው ነው፤ ቡናማ ፋይሉን ገልጦ "የ28 ቀን የጥንካሬ ውጤት አምጪ" አለኝ። ለማያውቅ ሰው ይህ ተገቢ ጥያቄ ይመስላል። ግን 28 ቀን የሲሚንቶ መለኪያ ነው፤ ሲሚንቶ ከተቦካ በ28ኛው ቀን ጥንካሬው ይፈተናል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ነው፤ በ28 ቀን ገና ልጅ ነው። ኖራን በሲሚንቶ ፈተና መፈተን ሕፃንን ከጎልማሳ ጋር ትግል እንደማጋጠም ነው። ናሙናው ተፈተነ። ወደቀ። መሐንዲሱ ወረቀቱን እያሳየኝ "አየሽ?" አለኝ።

በዚህ አላበቃም። የቬኒስ ቻርተርን ጠቀሰልኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ የታሪካዊ ሕንፃ ጥገና መሠረት የሚባለው ሰነድ ነው። አንቀጽ 10 ዘመናዊ ዘዴ መጠቀምን ይፈቅዳል አለኝ። እኔም ሞኟ አመስግኜ ወጣሁ። አንቀጹን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው። የሚለው እንዲህ ነው፦ ዘመናዊ ዘዴ የሚፈቀደው ባህላዊው ዘዴ በቂ ሆኖ ካልተገኘ ነው፤ ያውም ውጤታማነቱ በሳይንስ የተረጋገጠና በተግባር የተፈተነ ሲሆን። እኛ ጋ ባህላዊው መቼ ተሞከረና ነው በቂ ያልሆነው? መቶ ዓመት የቆመ ግድግዳ እኮ ነው!

ያን ጊዜ የማላውቃቸውን ሌሎች ታሪኮችም ኋላ አነበብኩ። አቴንስ ያለው ፓርተኖን ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዕብነ በረዱን ለማያያዝ የገባው ብረት ዝጎና አብጦ ድንጋዩን ሰነጣጠቀው። ኋላ ያ ብረት እየተነቀለ በቲታኒየም ተተካ። ጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የገባው ሲሚንቶ ኋላ እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። ስህተቱ አዲስ አልነበረም። እኔ ዘንድ ግን እንደ አዲስ መጣ።

ጋሼን አመስግኜ ሸኘሁ። "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ቱምቢያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሄዱ። አዲሶቹ ልጆች በአምስት ቀን ለሰኑት። ግድግዳው መስታወት መሰለ። በላዩ የፕላስቲክ ቀለም ተቀባ። በሦስተኛው ሳምንት አናጺው ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የችፑድ መደርደሪያ ገጠመ። መጻሕፍቱን ደረደርን። ተመረቀ። ተጨበጨበ። ያኔ ፀሐይ ነበር፤ ሁሉም ደረቅ ነው።

ዝናቡ ከገባ ከአንድ ወር በኋላ አንዲት አንባቢ "ክፍሉ ይሸታል" አለችኝ። መስኮት ክፈቺ አልኳት። በሳምንቱ እኔም ሸተተኝ። በስተሰሜን ካለው መደርደሪያ፣ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር። ሳብኩት፤ እምቢ አለ። በኃይል ስስበው ሽፋኑ እጄ ላይ ቀረ፤ ገጹ እዚያው ተጣብቆ። ጀርባው ላይ አረንጓዴ አመዳም ጸጉር አብቅሏል። ከጎኑ ያሉትን አወጣኋቸው። ሁሉም እንደዚያው። የመደርደሪያው ጀርባ አብጦ ወደ ፊት ተቆልምሟል። ከሥሩ ቀለሙ እንደ ቃጠሎ ቁስል ውኃ ቋጥሯል። በጣቴ ስጫነው ፈነዳና ውኃው እስከ ክርኔ ወረደ። ቀለሙ በተላጠበት ቦታ ደግሞ ጥጥ የመሰለ ነጭ ጨው ወጥቷል።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ ብል አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ግድግዳ ከሥሩ የውኃ መከላከያ የለውም። እርጥበት ከመሬት ይስባል። በኖራ ከተለሰነ የሳበውን ያህል በፊቱ ያተንነዋል፤ ሲስብ ሲያተን ይኖራል። ሲሚንቶና የፕላስቲክ ቀለም ስትለጥፉበት መውጫ ያጣል። ውኃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ስስ ቦታ ባገኘበት ይፈነዳል። እኛ ደግሞ አየር የማይገባበት መደርደሪያ ለጠፍንበት። ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ሲቆይ ይመቸዋል። ከመደርደሪያው ጀርባ ያስገባሁት መለኪያ 84 አነበበ። መለኪያውን የገዛሁት ያኔ ነው። ከሲሚንቶው በፊት ልገዛው የሚገባኝን ዕቃ!

መሐንዲሱን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። "ቀለሙ ጥራት የለውም። ውኃ የማያስገባውን ዓይነት ሁለት ዙር አስደግሚበት" አለኝ። አፉን ይበልጥ ዝጊው ማለቱ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ ግድግዳው እየተበሳ የሚወጋ የእርጥበት መከላከያ ኬሚካል ሊሸጥልኝ መጣ። እንደኛ ባለ በጭቃ በተሞላ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ያ ኬሚካል የት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ሁለቱንም አልሰማኋቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። "መዶሻና መሮ ያላቸው ሁለት ልጆች ፈልጊ፤ በማሽን እንዳትነኪው" ብቻ አሉኝ። ሲሚንቶው ሲላቀቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይወርዳል። አንዳንዱ ቦታ ያየሁት ጠባሳ እስካሁን ያመኛል፤ መቶ ዓመት ያልነካውን በአምስት ቀን ሥራ አቆሰልነው። ከዚያ ጋሼ በውጭ በኩል ዞረው የግድግዳውን እግር አሳዩኝ። ባለፉት ዓመታት የተከመረው አፈር ከውስጡ ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ግማሹ ችግር እዚያ ነበር። በአካፋ የሚፈታ ችግር! አፈሩን ዝቅ አደረግን፣ ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት፣ የአሸንዳውን ውኃ ከግድግዳው አራቅነው።

ቀጥሎ መጠበቅ ነው። በልምድ እንደሚባለው ግድግዳ በወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርቃል። 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ሁለት ዓመት ነው፤ በሁለቱም ፊቱ ከተነፈሰ ያጥራል። እኛ አሥራ አንድ ወር ባዶውን አቆምነው። የኖራ ፈቃዱ ራሱ አምስት ወር ፈጅቷል። ቅጹ ላይ ያለው ክፍት ቦታ "የሲሚንቶ ዓይነት" ነው የሚለው። "ኖራ" ብዬ ሞላሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ "ይሄ ሲሚንቶ አይደለም" ብላ መለሰችልኝ። ልክ ናት። ለዚያ እኮ ነው!

ልስኑ ሦስት ዙር ነው፤ እያንዳንዱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቶሎ እንዳይደርቅ በረጠበ ጆንያ ይሸፈናል። ጋሼ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ጆንያውን ያረጥቡ ነበር። ላዩ ላይ የኖራ ቀለም ብቻ።

ስለ መጻሕፍቱ። የረጠበ መጽሐፍ ላይ ሻጋታውን ለመጥረግ አትቸኩሉ፤ እያሻችሁ ወደ ወረቀቱ ታስገቡታላችሁ። መጀመሪያ በነፋስ፣ በጥላ ይድረቅ። ሲደርቅ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በረኪና አታስጠጉት። በአንድ ጊዜ ማድረቅ የማትችሉትን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታችሁ በረዶ አድርጉት፤ ሻጋታው አይሞትም፤ ግን ይቆማል፣ ጊዜ ትገዛላችሁ። እኔ ይህን ሳውቅ ብዙዎቹ አልፈው ነበር።

አዲሱ መደርደሪያ ጣውላ ነው። ችፑድ እርጥበት ሲነካው አይመለስም። ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ አታርዝሙት፤ መሐሉ ይጎብጣል። የታችኛው ደረጃ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ከግድግዳው ደግሞ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ ጀርባውን አትዝጉ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ምንም አልገጠምንም። እንግዶች "ይሄን የመሰለ ቦታ ባዶ?" ይሉኛል። አዎ፣ ባዶ።

አንድ የማልስማማበት ምክር አለ። ብዙ መመሪያ የክፍሉን እርጥበት ቀን ከሌት 50 በመቶ ላይ አቁሙ፣ ለዚያም ማሽን ግጠሙ ይላል። ብርቅ የብራና መጻሕፍት ካላችሁ እሺ። ተራ መጻሕፍት ይዛችሁ ግን መብራት ሲጠፋ የሚቆም ማሽን ላይ አትደገፉ። ወፍራም ግድግዳና በሰዓቱ የሚከፈት መስኮት ይበልጣሉ። እኛ ጋ መለኪያው በደረቁ ወራት 45፣ በዝናብ 60 ገደማ ይላል። ሁለት ዝናብ አለፈ፤ ሻጋታ የለም።

ባለፈው ወር የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱ ደረሰን። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። በተራ ቁጥር 14 ላይ "የውስጥ ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን በዝርዝሩ መሠረት ተጠናቋል" ይላል። እንዲታረም አመልክቻለሁ። የ28 ቀኑን ውጤት አያይዢ ብለውኛል።