«ተፈጥሮው ነው» የተባለው የኋላ አክስል

ፔጆ 205 ጂቲአይ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ በብዛት የሚታይ መኪና አይደለም። ወደ ጋራዣችን የመጣው ባለ 1.9 ሊትር ሞተሩ ዓይነት ሲሆን፣ ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ባለቤቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ከኋላ ቆሞ ለተመለከተው የሁለቱም የኋላ ጎማዎች አናት ወደ ውስጥ ዘሟል። ጎማዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ሽቦው እስኪታይ ተበልተዋል፤ በውጭ በኩል ግን ገና አዲስ ናቸው። መምህሩ ቀድሞ ያሠሩበት የነበረው ጋራዥ ጎማ አስቀይሯቸዋል፣ ሾክ አብዞርበር አስቀይሯቸዋል፣ አላይመንትም (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ደጋግሞ አስከፍሏቸዋል። አዲሱ ጎማ እንደገና ሲበላ ደግሞ «የስፖርት መኪና ስለሆነ ነው፤ እግሩን ከፈት አድርጎ መቆም ተፈጥሮው ነው» ብሎ አሰናብቷቸዋል።

ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ለፍጥነት የተሠሩ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጎማቸው በጥቂቱ ወደ ውስጥ ዘመም እንዲል ይደረጋል። ነገር ግን ያ ዘመምታ በግራና በቀኝ እኩል ነው፤ ከዓመት ዓመት አይጨምርም፤ በእጅ ሲነቀነቅም አይንቀሳቀስም። ከዚህም በላይ የ205 የኋላ አክስል፣ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚይዘው ክፍል፣ የጎማውን ዘመምታ የሚያስተካክሉበት ቡሎን የለውም። ማስተካከያ የሌለውን ነገር አስተካከልሁ ብሎ ገንዘብ መቀበል ምን እንደሚባል አንባቢ ይፍረድ።

መኪናውን በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁት። ጎማው ብቻውን ቢንቀሳቀስ ኖሮ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን ጎማውን የሚሸከመው ክንድ፣ ብራቾው ራሱ፣ አብሮ ይወዛወዛል። ባትሪ አብርቼ ብራቾው ከመካከለኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ስመለከት ቡናማ የዝገት ዱቄት ከግራሶ ጋር ተለውሶ ወጥቷል። መምህሩን ጠርቼ በጣታቸው እንዲነኩት አደረግሁ። «ይህስ ተፈጥሮው ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አላስፈለገኝም።

የዚህ አክስል አሠራር ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው የሚያስንቀው። በግራና በቀኝ ያሉት ብራቾዎች እያንዳንዳቸው ዘንግ አላቸው፤ ዘንጎቹ በቱቦው ውስጥ ገብተው በባለመርፌ ኩሽኔታዎች ላይ ይንቀሳቀሳሉ። የሞላውን ሥራ የሚሠሩት ከቱቦው ፊትና ኋላ የተጋደሙት ቶርሽን ባሮች፣ እየተጠማዘዙ የሚመለሱ ዘንጎች፣ ናቸው። መርፌዎቹን ከውኃ የሚጠብቃቸው አንድ የላስቲክ ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተሙ ሲደክም ውኃ ይገባል፣ ግራሶው ይታጠባል፣ መርፌዎቹ ይዝጋሉ፣ የዛገው መርፌም ዘንጉን እየፋቀ ቦይ ያወጣበታል። የባሕር ዳር ክረምት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ መምህሩ መኪናቸውን በየሳምንቱ ላቫጆ እየወሰዱ ከሥር በኃይለኛ ውኃ ያሳጥቡት ነበር። ንጽሕና ወዳድነታቸው ማኅተሙን ሳይጎዳው አልቀረም።

መምህሩ ጎማው ይበላል ከማለት በቀር መኪናው አስፈርቷቸው አያውቅም ነበር፤ እኔን ግን አስፈራኝ። 205 ጂቲአይ ወደ 900 ኪሎ የሚጠጋ ቀላል መኪና ነው፤ ኩርባ ውስጥ በፍጥነት እያሉ እግር በድንገት ከነዳጅ ሲነሣ የኋላው የመሸሽ ጠባይ እንዳለው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። አክስሉ ደኅና ሆኖ እንኳ ጥንቃቄ የሚሻ መኪና፣ የኋላ እግሩ በራሱ ፈቃድ የሚወዛወዝ ከሆነ ወደ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ይዘውት የሚወርዱት አይደለም።

አክስሉን አወረድነው። የቶርሽን ባሮቹን አቀማመጥ በቀለም ምልክት ካደረግን በኋላ፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያችን በሠሩልን ከባድ ተንሸራታች ብረት ያለው መንቀያ እየመታን አወጣናቸው። ወደ ውጭ ያሉት ኩሽኔታዎች መርፌያቸው ዱቄት ሆኗል፤ በዘንጎቹም ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ወጥቷል። ዕድል ሆኖ ቱቦው ራሱ አልተነካም። ጥቂት ቢቆይ ኖሮ የኩሽኔታው ቅርፊት ቱቦውን ይበላውና አክስሉ በሙሉ ይጣል ነበር።

እዚህ ላይ ከቶርኖ ባለሙያው ጋር የተነሣው ክርክር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ለታንኳና ለጀልባ፣ ለፋብሪካ ማሽንም መለዋወጫ ሲቀርጹ ያረጁ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን አምናለሁ። ዘንጉን አገላብጠው ካዩት በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ መርፌ ለምን ትፈልጋለህ? መርፌ ለሚሽከረከር ነገር ነው። ይህ ብራቾ መቼ ይሽከረከራል? ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ነው። መርፌዎቹ እዚያው በቆሙበት ነው ዘንጉን የቀጠቀጡት። ዘንጉን በብየዳ ሞልቼ ልቁረጠው፣ የነሐስ ቡሽ፣ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቀለበት፣ ላስገባልህና እርሳው።»

«ጋሼ፣ የሚሉት እውነት አለው» አልኋቸው። «ነገር ግን ይህ የኋላ እግር በትንሿ ጉድጓድ ሳይቀር ፈጥኖ እንዲወጣና እንዲወርድ የተሠራ ነው፤ ቡሽ ጠበቅ ካለ ያንቀዋል፣ ላላ ካለ ደግሞ ጎማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዘማል። ቅባት ባጣ ቀንም ነሐሱ ይበላል።»

«መርፌውስ ቅባት ሲያጣ አልተበላም?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ስለ ብየዳው ግን ነበረኝ። መርፌዎቹ የሚሄዱት በቀጥታ በዘንጉ ገጽ ላይ ነው፤ በመካከል ሌላ ቀለበት የለም። ስለዚህ የዘንጉ ገጽ እንደ ኩሽኔታ ብረት መጠንከር አለበት። ሞረድ አነሣሁና ያልተበላውን የዘንጉን ክፍል ሞረድሁት፤ ሞረዱ እየተንሸራተተ አልፎ ጭረት እንኳ አልተወም። ቀጥሎ እሳቸው ለሌላ ሥራ በብየዳ ሞልተው የቆረጡትን ዘንግ ሞረድሁ፤ ሞረዱ ነክሶ ብናኝ አወጣ። ጋሼ ሞረዱን ከእጄ ተቀብለው ሁለቱንም ራሳቸው ሞከሩ፤ ብዙ ዝም ካሉ በኋላም «ዘንጉን ያስመጡ» አሉ። ሥራውን ሊወስዱ ይችሉ ነበር፤ መምህሩም በደስታ ይከፍሏቸው ነበር።

አዲሶቹ ዘንጎች ከነኩሽኔታቸውና ከነማኅተማቸው ከፈረንሳይ በዘመድ ሻንጣ መጡ። ኩሽኔታዎቹን በትክክለኛው ጥልቀት የሚያስገባውን መግጠሚያ የቀረጹት ጋሼ ናቸው፤ ያለ እሱ በመዶሻ እየመታን ቅርፊታቸውን እናጣምመው ነበር። ቶርሽን ባሮቹን ስንመልስም በሾክ አብዞርበሩ ቦታ በልኩ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ብረት አስረን የመኪናውን ቁመት ያዝን። በእሳቸው ሐሳብ ቱቦው ላይ ግራሶ መስጫ ተበጀለት፤ በዚህ ወዲያው ተስማማሁ፤ በግፊት ተሞልቶ ማኅተሙ እንዳይፈነቀል ግን በእጅ መሙያ ብቻ ጥቂት ጥቂት እንዲሰጥ አዘዝሁ።

መምህሩ በዚህ መካከል የ309 ጂቲአይን አክስል ስለ መግጠም ጠይቀውኝ ነበር። ሰፋ ያለ በመሆኑ ብዙዎች ለውድድር የሚመርጡት አክስል ነው። ነገር ግን አሠራሩ ያው ነው፤ ማኅተሙ ሲደክም በዚያው መንገድ ይበላል። የኋላውን ይበልጥ ማጠንከርም ቀድሞውንም መሸሽ የሚወደውን የኋላ እግር ይበልጥ ያሸሸዋል። በመንገዳችን ላይ ጤነኛ የሆነ የፋብሪካ አክስል ይበቃቸዋል አልኋቸው፤ ገንዘባቸውንም ለጎማ አዋሉት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ መኪናው ለፍተሻ ሲመለስ ጎማዎቹ ከውስጥም ከውጭም እኩል ተበልተው ነበር። ጋሼ መጥተው በክሪክ የተነሣውን ጎማ ራሳቸው ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም። «ቡሽም ቢሆን ይህን ያህል ይቆም ነበር» አሉኝ። ለዚህ መኪና አሁንም አልቀበላቸውም። ሆኖም ቱቦው ራሱ ተበልቶ የሚመጣ አክስል ቢያጋጥመን አዲስ ቱቦ ከየትም ስለማናገኝ፣ የቱቦውንና የኩሽኔታውን ልክ በደብተራቸው እንዲይዙ ለመንኋቸው። በካሊፐር፣ በልክ መለኪያቸው፣ እየለኩ በእርሳስ ጻፉት።