ጉንጩ ላይ ነጭ ነጭ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። የሚመጡልን በአብዛኛው ውሾች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ድመት፣ ለበዓል ሰሞን ደግሞ ሆዱ የተነፋ በግ። ዓሣ ግን ከተመረቅኩ ወዲህ ሳህን ላይ ካልሆነ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንድ የሕፃናት ሕክምና ቤት ደውሎ «ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ነጭ ነጭ አወጡ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

ያነበብኩት ስለ «ነጭ ነጥብ» በሽታ ነው። ዓሣ አርቢዎች «ኢክ» ይሉታል። አንድ ጥገኛ ተሕዋስ የዓሣው ቆዳ ሥር ይገባና ዓሣውን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። እዚያ ተሸጉጦ እያለ መድኃኒት አያገኘውም። ጠግቦ ሲወድቅ ታች ይራባል፤ ልጆቹ በመቶዎች ሆነው ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ነው መድኃኒቱ የሚያገኛቸው። ውሃ ሲሞቅ ይሄ ሁሉ ስለሚፈጥን ከመድኃኒቱ ጋር ሙቀት ይጨመራል። በቃ፣ ገባኝ አልኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። 120 ሊትር ገደማ የሚይዝ አኳሪየም፣ ስድስት ጎልድፊሽ። የሚመግቧቸው ጥበቃው ናቸው፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በበርሜል አሳድረው ነው የሚቀይሩላቸው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው፣ «ይቺን ትልቋን እነዚህ ሁለቱ ሲያባርሯት ነው የሚውሉት። ውሃ ከቀየርኩላቸው ወዲህ ነው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ አለፍኳቸው። ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር። የሁለቱ ዓሣዎች ጉንጭ ላይ የጨው ፍሬ የመሰሉ ነጥቦች ተደርድረዋል። ሌሊት ያየሁት ሥዕል ራሱ!

ክሊኒካችን ማይክሮስኮፕ አለው። የውሻ ሰገራ በየቀኑ አይበታለሁ። ከዓሣው ገላ ትንሽ ልጋግ ጠርጎ መስታወት ላይ ማየት አሥር ደቂቃም አይፈጅም ነበር። ምን ያደርግልኛል፣ አውቄዋለሁ እኮ።

ማሞቂያ አስገዛሁ። ውሃውን ቀስ በቀስ 30 ዲግሪ አደረስኩት። ፎርማሊን ያለበት መድኃኒት ጨመርኩ። በአምስተኛው ቀን ስመጣ ነጥቦቹ እዚያው ናቸው። አንዱም ንቅንቅ አላለ። በዚያ ሙቀት ተሕዋሱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከዓሣው ላይ መርገፍ ነበረበት። እኔ ግን መድኃኒቱ አንሶ ነው ብዬ ደገምኩት።

ያን ማታ ሰፈሩ መብራት ሄደ። የአየር ፓምፑም ማጣሪያውም ቆሙ።

ጠዋት ጥበቃው ደወሉ። «ዶክተር፣ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ትልቋ ሞታለች።»

አለቃዬን ይዤ ሮጥኩ። እሷ ስለ መድኃኒቱ ምንም አልጠየቀችኝም። ቴርሞሜትሩን አየችና ዞራ እኔን አየችኝ። ከበርሜሉ ውሃ ሞቅ አድርገን ግማሹን ቀየርንላቸው። ከዚያ ጥበቃውና እኔ በየተራ በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን ስናፈስ ቆየን፣ አየር እንዲገባው። ለካ እያፈንኳቸው ነበር። በባሕር ወለል ደረጃ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃውን 30 ዲግሪ ስታደርሰው ከ6 በታች ይወርዳል። ፎርማሊኑ ደግሞ ከዚያችው ላይ ይቀንሳል። መብራቱ የመጨረሻዋን ገፋ አደረጋት እንጂ ጥፋቱ የመብራት አልነበረም።

አምስቱ ረጋ ሲሉ አለቃዬ አንዱን በመረብ አወጣችው። «ነጥቦቹ የት የት ናቸው?» አለችኝ።

«ጉንጩ ላይ።»

«ሌላስ?»

የደረት ክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ በመስመር። ጀርባው ንጹሕ ነው። ጭራው ንጹሕ ነው። ኢክ ሰውነት አይመርጥም፤ የትም ይበተናል።

«ይሄ ወንድ ነው» አለች። «ሊራባ ሲል እንዲህ ያወጣል። አልታመመም፣ ሙሽራ ነው።»

የሞተችውን ክሊኒክ ወስደን ከፈትናት። ሆዷ ከጤፍ ከፍ ከፍ በሚሉ ቢጫ ዕንቁላሎች ጢም ብሏል። ያባርሯታል የተባለው እሱ ነበር። ጎልድፊሽ ወንዱ ሴቷን ዕንቁላል እስክትጥል ከኋላ እየተከተለ ሆዷን ይጎሽማል፤ አዲስ ውሃ ሲያገኙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይነሳሳሉ። ጥበቃው የነገሩኝ የበሽታ ምልክት ሳይሆን ሙሉው ታሪክ ነበር፤ ያውም ሳልጠይቃቸው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር።

የተቀበልኩትን ገንዘብ መለስኩ። ለሕክምና ቤቱ ሥራ አስኪያጅ መንገር ቀላል ነበር። ለጥበቃው መንገር ግን አስጨነቀኝ። ከኋላቸው ቆሜ የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ምግቡን በሁለት ጣታቸው እያፍተለተሉ ሰሙኝ።

«እና ሊወልዱ ነበር በለኛ።»

«አዎ ጋሼ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ወንዶች ጠቆሙ። «የእነዚህስ ነጭ ነጩ?»

«ወቅቱ ሲያልፍ ራሱ ይጠፋል። ምንም አያስፈልገውም።»

«እንኳንም» አሉና ምግቡን በተኑላቸው።