ለቅሶው በጣፋጩ፣ ሠርጉ በሚጎረብጠው

ጀርመን አገር፣ ላይፕሲግ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይዛኝ ሄዳ ኳየር፣ የመዘምራን ቡድን ውስጥ አስገባችኝ። ቀን ቀን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ማክሰኞ ማታ ልምምድ። ሐዋሳ ገብርኤል ስዘምር ያደግኩ ነኝና መዝሙር አይከብደኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ከበደኝ።

እኛ ስንዘምር ሃምሳ ሰው ብንሆንም ዜማው አንድ ነው። ወንዱ በወፍራሙ፣ ሴቷ በቀጭኑ ትለዋለች እንጂ ሁሉም የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው። አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጋሞ ተራሮች ላይ ያሉት ዶርዜዎች የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው አንዱ በአንዱ ላይ እየደረበ ሲዘፍኑ የሰማ ሰው ያውቃል። እኔ ግን ያደግኩት በአንድ ዜማ ነው።

ኳየሩ ውስጥ አልቶ፣ ዝቅ ያለው የሴቶች ድምፅ ላይ መደቡኝ። ከጎኔ ያለችው ሶፕራኖ፣ ከፍተኛውን ድምፅ የምትዘምረው፣ አንድ ድምፅ ትይዛለች፤ እኔ ከሷ ግማሽ ድምፅ፣ ኪቦርድ ላይ እስከ ቀጣዩ ቁልፍ ያለችውን ትንሿን ርቀት፣ ዝቅ ብዬ መቆም አለብኝ። ምስር ወጥ ስበላ ጠጠር የነከስኩ ያህል ይሰቀጥጠኛል። ሳላውቀው ተንሸራትቼ የሷ ድምፅ ላይ አርፋለሁ። መሪያችን ሽማግሌ ሰው ነው። ሦስቴ አስቆመን። በአራተኛው አጠገቤ መጥቶ «ከሷ አትሽሺ። ተጠግተሽ ቁሚ፣ ይጎርብጥሽ። ቀጣዩ ኖታ ሲመጣ ታርፊያለሽ» አለኝ።

ይዤ ቆየሁ። ከዚያ እኔ አንድ ደረጃ ወረድኩ፣ ሁለታችን ገጠምን። ጀርባዬ ላይ የነበረ እንስራ የወረደልኝ መሰለኝ። እሷም ዞር ብላ ሳቀችልኝ።

የአውሮፓ የኳየር ሙዚቃ ስሜቱን የሚያስቀምጠው እዚህ ጋ እንደሆነ ቀስ እያልኩ ገባኝ። ድምፆቹ ይጣላሉ፣ ከዚያ ይታረቃሉ። ጥሉ ከሌለ እርቁ አይጣፍጥም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1750 ድረስ የሠራው እዚሁ ላይፕሲግ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።) ፋሲካ ሲቃረብ ከማቴዎስ ሕማማት ድርሰቱ መዝሙሮቹን ብቻ አጠናን። እዚያ ውስጥ አምስት ጊዜ የሚመለስ አንድ ዜማ አለ። ሃንስ ሌዎ ሃስለር የሚባል ሰው በ1601 ያሳተመው የፍቅር ዘፈን ነበር፣ በኋላ መዝሙር ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ የሚመጣው ጌታ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ ነው። ላይ ያለው ዜማ ያው የምናውቀው ነው። ከሥር ያሉት ድምፆች ግን መሬቱን ይከዱታል። አልቶው፣ የወንዶቹ ቴነርና ባስ በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተቱ ወዳልጠበቅሽው ቦታ ይወስዱሻል። ቃሉን ሳትሰሚ ሞት መኖሩን ታውቂያለሽ። በልምምድ ላይ ስንቴ ድምፄ እንደተቆረጠ!

እናቴ ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው። ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና ለቀብር መሄድ አልቻልኩም። ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ ድንኳኑ ውስጥ ይዞልኝ ገባ። እኔ ላይፕሲግ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ሴቶቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ድምፅ ያለቅሳሉ። አንዷ ከፍ ብላ ትጀምርና ትወርዳለች፣ ሌላዋ ከመሃል ትነሳለች። ሁለት የሚገጥም ድምፅ የለም። ጆሮዬ በኳየር ለምዶ እርቁን ይጠብቅ ነበር። እርቅ የለም። ስልኩ እስኪቋረጥ እንደዚያው ቀጠለ። በቃ፣ የሚጋጭ ድምፅ ማለት ሐዘን ነው፣ የሚስማማ ማለት ሰላም ነው ብዬ ያን ቀን ወሰንኩ።

ይህን ሐሳብ ያፈረሰብኝ ወንድሜ ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ሐዋሳ ስገባ። የእናቴን ለቅሶ ደርሼ፣ ጎረቤቱ እንደ አዲስ አልቅሶልኝ፣ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣችንን በዳጣ በልተን ተመለስን። ወንድሜ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። የእናታችንን ጓዳ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፎ መቅጃ ክፍል አድርጓታል። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳ ሲያርፍ ቆርቆሮው ይንኳኳና ቀረጻው ይበላሻል።

ስለ ኳየሩ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ክራሩን አነሳ። ሁለት ክር በአንድ ድምፅ ቃኘ። ከዚያ አንደኛውን በጣም ትንሽ ላላ አደረገው። ድምፁ ይርገበገብ ጀመር። «ስሚው፣ ይመታል» አለኝ። ነገሩ ቀላል ስሌት ነው። አንዱ ክር በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 444 ጊዜ ቢርገበገቡ ልዩነታቸው 4 ነው፤ ድምፁ በሰከንድ 4 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ሲሰፋ ምቱ እየፈጠነ ይሄድና ጆሮ መቁጠር ሲያቅተው መጎርበጥ ይሆናል። «እዚህ ውስጥ ሐዘን የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

ከዚያ ኪቦርዱ ላይ የትዝታን አምስት ድምፆች አንድ በአንድ ነካቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ቀጥሎ አምስቱንም በአንዴ በመዳፉ ተጫናቸው። አይጎረብጥም። ደስ የሚል፣ ለስላሳ ድምፅ ነው። ግማሽ ድምፅ የሚባል ልዩነት በመካከላቸው ስለሌለ የሚጣላ የለም። (ግማሹ ትዝታ፣ ማይነር የሚሉት፣ ሌላ ነው። እሱ ውስጥ ግማሽ ድምፆች አሉ።) «ይኸው በዚህ ነው ሀበሻ የሚያለቅሰው» አለኝ። ቀጥሎ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ነካ፤ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው።) በመዳፉ ሲጫነው ፊቴን አጨማደድኩ። ሁለት ቦታ ግማሽ ድምፅ አለ። ከዶ እስከ ሶል ቤሞል ያለው ርቀት ደግሞ የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን በላቲን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ይሉት የነበረው ነው። «ይህን የምንዘፍነው የት ነው?»

ሠርግ ላይ ነዋ! ሚዜ ሲገባ፣ ሙሽራ ስትወጣ፣ ጭብጨባው ሲቀልጥ። ያ ሁሉ እልልታ የሚጎረብጠው ቅኝት ላይ ነው። ለቅሶው ደግሞ ጣፋጩ ላይ። ይህን ሁሉ ዓመት በጆሮዬ ይዤው ዞሬ አንድም ቀን አላየሁትም። አፌን ይዤ ቀረሁ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከኛም ያለፈ ነው። የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ፣ ብሉዝን ውሰዱ። በባኽ ኳየር ውስጥ ሰባተኛው የገባበት ኮርድ (ኮርድ በአንዴ የሚሰሙ ድምፆች ናቸው፤ ሰባተኛው ከመሠረቱ ድምፅ ሰባተኛ ደረጃ ላይ ያለው፣ የሚጎረብጠው ነው) መታረቅ አለበት፣ ሳይታረቅ ማቆም ነውር ነው። ብሉዝ ግን በዚያው ኮርድ ይጀምርና ብዙ ጊዜ በዚያው ላይ ይቆማል። ሰሚው ምንም አይጎድለውም። በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ቦሊቪያ ጫካ ውስጥ፣ ከምዕራባውያን ሙዚቃ ርቀው ለሚኖሩ ቺማኔ ለሚባሉ ሰዎች የሚስማማና የማይስማማ ኮርድ አሰምቶ ነበር። ሁለቱንም እኩል ነው የወደዷቸው። መጎርበጡን ጆሮ ይሰማዋል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያስተምረን ግን ያደግንበት ቤት ነው።

በገናም ትዝ አለኝ። አንድ ጊዜ ለኳየሩ መሪ በስልኬ ከፍቼለት ነበር። ክሩ የላላ መስሎት «ተበላሽቷል?» አለኝ። አልተበላሸም። ክሩና ድልድዩ መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ድምፁ እንዲነዝር ሆን ተብሎ ነው። ለሱ ብልሽት የሆነው ለእኔ ሁዳዴ ነው፣ ጓዳ ውስጥ የቆየ የዕጣን ሽታ ነው፣ ጸጥታ ነው።

ወንድሜ ለመጨረሻ ያስቀመጠልኝ ነገር ነበረው። እናታችን ቡና ስትቆላ ሳታውቅ በስልኩ የቀዳት፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ እንጉርጉሮ። ቃል የለውም። ትዝታ ነው። «ኮርድ እናስገባበት፣ አንቺም አልቶሽን ዘምሪበት፣ ለሙት ዓመቷ ይሆናል» አለኝ። ኢትዮ ጃዝን የፈጠረው ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ከቅኝቶቻችን ሥር የጃዝ ኮርድ አኑሮ ዓለምን አስደምሟልና፣ እኛም ለእናታችን ብንሞክር ምን አለበት ብለን ጀመርን።

አልሆነም። የመጀመሪያው ኮርድ እንደወደቀ ሁለታችንም ደነገጥን። እማዬ የምታሳሳት መሰለ። ሌላ ኮርድ ሞከረ፣ ያው። ቃኝቶ ቢያየው ሦስተኛዋ ድምፅ፣ ሚ የምንላት፣ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፎች መካከል ነው የምታርፈው። ከሚ ዝቅ ትላለች፣ ከሚ ቤሞል ከፍ ትላለች። ሁልጊዜ፣ ያለ ስህተት፣ እዚያችው ቦታ። ብቻዋን ስታንጎራጉር የማር ያህል የሚጣፍጠው ድምፅ የኛ ኮርድ ሲገባበት ነው የሚጎረብጠው። የኪቦርዱን ቅኝት በትንሹ ዝቅ አደረገው። ቀረበ። እኔ አልቶ ልይዝላት አፌን ከፈትኩ፣ ከሥሯ አንድ ድምፅ ያዝኩ። ልክ ነበር፣ ገጥሟል። ግን እንደገባሁ የሷ ድምፅ አንሶ ተሰማኝ። ከፊቷ የቆምኩባት ያህል። አቆምኩ።

«ተዪው» አለኝ ወንድሜ። ኪቦርዱን አጠፋው። ትራኮቹን አንድ በአንድ ሰረዛቸው፣ የኔንም። እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው።

ቡናው ምጣዱ ላይ ይንኮሻኮሻል። እማዬ ታንጎራጉራለች። ያቺ ከቁልፎቹ መካከል ያለች ድምፅ ስትመጣ ወንድሜ በጣቱ ጠረጴዛውን ነካ ያደርጋል፤ እንዳላመልጣት። ከውጭ በር ይንኳኳል። «ማነው?» ትላለች፣ ዜማውን ሳትጨርስ። ቀረጻው እዚያ ላይ ያልቃል።