ከግጭት በኋላ ኢንሹራንስ ሲታደስ ቅጹ ላይ ምን ይጻፋል?

በፖሊሲው (በመድን ውሉ) ዓመት ውስጥ ግጭት ያጋጠመው ባለ መኪና ለእድሳት ሲቀርብ ፕሮፖዛል ፎርሙ (የመድን ማመልከቻ ቅጹ) ላይ ያጋጠመ አደጋ ወይም የቀረበ የካሳ ጥያቄ እንዳለ ይጠየቃል። ብዙ ሰው «የለም» ብሎ ያልፈዋል። መኪናው ተጠግኗል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ከኢንሹራንሱም አምስት ሳንቲም አልተወሰደም። ነገር ግን አደጋና ክሌም (የካሳ ጥያቄ) አንድ አይደሉም። ጎንደር አራዳ ላይ ባጃጅ ገጭቶት ከኪስ የተጠገነ ፓራውልት ክሌም አልሆነም እንጂ አደጋ ነው፤ ቅጹ የጠየቀው አደጋውን ከሆነ መጻፍ አለበት።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የመድን ክፍል፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም ሳይሻር የቀረው፣ አንቀጽ 667 ላይ መድን ገቢው የሚያውቀውንና መድን ሰጪው ስጋቱን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ሁሉ በትክክል እንዲናገር ያስገድዳል። አንቀጽ 668 ደግሞ ቅጣቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሆን ተብሎ ከተደበቀ ውሉ ዋጋ የለውም፤ የተከፈለው አረቦንም (የመድኑ ክፍያ) አይመለስም። ሆን ተብሎ ካልሆነ ውሉ ይቆያል፤ ግን ስህተቱ የታወቀው አዲስ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሆነ፣ በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት መካከል ያለው ልዩነት ታይቶ ካሳው ይቀነሳል። ለምሳሌ 40,000 ብር መከፈል ሲገባው 30,000 ብር ከተከፈለ፣ የ200,000 ብር ጉዳት ወደ 150,000 ብር ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ቀሪው ከባለቤቱ ኪስ ነው።

«ማን ያውቃል?» የሚለው ስሌት የሚፈርሰው በጣም ቀላል በሆነ ነገር ነው። መድን ሰጪው መኪናውን ሳያይ ኮምፕሪሄንሲቭ (የራስን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍን መድን) አይሰጥም ማለት ይቻላል። ልምድ ያለው ሰርቬየር (መኪና መርማሪ) በጣቱ ላሜራውን መታ መታ እያደረገ ስቱኮ (የጎደጎደ ላሜራ መሙያ) ያለበትን ቦታ ከድምፁ ይለያል፤ በኮፈንና በፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ፣ የብሎን ራስ ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ፣ አንዱ የፊት መብራት አዲስ ሌላው የደበዘዘ ከሆነ ይጠይቃል። ወደ ሌላ ኩባንያ ለሚዛወር ሰው ደግሞ የቀድሞው ኩባንያ የክሌም ታሪክ ደብዳቤ ይፈለጋል። ያኔ የተነሳ የትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ካለም ፋይል ውስጥ ይገኛል። ይህ ሁሉ በእድሳት ቀን ባይታይ እንኳ ትልቅ ክሌም ሲቀርብ ይፈተሻል፤ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ለተገለበጠ መኪና ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ይኖራል።

እንግዲህ እንዴት ይጻፍ? በአጭሩ፣ ግን ሙሉውን። ቀን፣ ቦታ፣ ማን ያሽከረክር እንደነበር፣ ምን እንደተጎዳ፣ በስንት ብርና በማን ገንዘብ እንደተጠገነ። እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «በየካቲት ወር አዘዞ መንገድ ላይ ከቆመ ሚኒባስ ጋር ተጋጭቶ የፊት ፓራውልትና የቀኝ መብራት ተቀይሯል፤ ወጪው 38,000 ብር፣ በባለቤቱ የተከፈለ፣ ክሌም አልቀረበም፣ የሰው ጉዳት የለም።» ቅጹ ላይ ያለው መስመር ካልበቃ በተለየ ወረቀት ጽፎ ማያያዝና ቅጹ ላይ «አባሪ ይመልከቱ» ማለት ይቻላል። ቅጹን ወኪል ወይም የቅርንጫፍ ሠራተኛ ሲሞላልዎ፣ ሳያነቡ አይፈርሙ። ለመርዳት ብሎ «የለም» የሚል ደግ ሠራተኛ አለ፤ ፊርማው ግን የእርስዎ ነው። የተፈረመውን ቅጽ ፎቶ ኮፒ ወስደው ማህተም ያስደርጉበት።

ከወረቀቱ ጋር የጋራዡ ደረሰኝ፣ የትራፊክ ሪፖርት ካለ ቅጂው፣ ሊብሬ፣ የአሽከርካሪው መንጃ ፈቃድና የጥገናው ፎቶ ይያያዛሉ። ፎቶው ሦስት ቢሆን ጥሩ ነው፦ የተጎዳው፣ ላሜራው ተፈትቶ ውስጡ የሚታይበት፣ የተጠናቀቀው። መካከለኛው ፎቶ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሻንሲው እንዳልተጣመመ የሚያሳየው ግን እሱ ነው። ጎንደር ላይ ብዙ ጥገና ያለ ደረሰኝ ስለሚሠራ ጋራዡን ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ ከመጣም የሱቁን ደረሰኝ ለይተው ያስቀምጡ።

ነገሩን ከሁሉ የበለጠ የሚያበላሸው ግን እድሳት ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚሆነው ነው። በእኛ አገር ሁለት መኪና ሲጋጭ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «በየራሳችሁ አሠሩ» ይባላል፣ አንዳንዴም «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ይፈረማል። እርቁ መልካም ነው፤ ወረቀቱ ግን አደገኛ ነው። የተለመዱት ፖሊሲዎች መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን ማመንና ካሳ ለመክፈል መስማማትን ይከለክላሉ። ከሳምንታት በኋላ ያ ሰው ወገቡን ታምሜአለሁ ብሎ ቢመጣ፣ ኢንሹራንሱ «እኔ ያልተስማማሁበት ነው» ይላል። ስለዚህ ቢታረቁም አደጋውን ማሳወቅ ይገባል። አንቀጽ 670 የሚሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ብቻ ነው። ማሳወቅ ክሌም መጠየቅ አይደለም፤ «ለመረጃ ብቻ፣ ካሳ አልጠይቅም» ብሎ በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። ይህን ያደረገ ሰው ለእድሳት ሲሄድ የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ፋይሉ ውስጥ ቀድሞ አለና።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰውን ወደ መደበቅ የሚገፋው ኖ ክሌም ቦነስ ነው፤ ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ በእድሳት ጊዜ የሚደረገው ቅናሽ። መጠኑ እንደ ኩባንያው ይለያያል፤ ለስሌት ያህል አረቦኑ 30,000 ብር፣ ቅናሹ 20 በመቶ፣ የባለቤቱ ተቀናሽ (ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው) 5,000 ብር ነው እንበል። ጥገናው 9,000 ብር ከሆነ ካሳ ጠይቆ የሚገኘው 4,000 ብር፣ የሚታጣው ቅናሽ 6,000 ብር ነው። ከኪስ ማሠራት ይሻላል፤ አሳውቆ ማለቴ ነው። ጥገናው 60,000 ብር ከሆነ ግን 55,000 ብር ይገኛልና ቅናሹ ይሂድ። የሚያጠያይቀው መካከለኛው ነው፤ ቅናሹ ለብዙ ዓመት ተጠራቅሞ ከነበረ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል ወይስ አንድ ደረጃ ይወርዳል የሚለውን ክሌም ከማስገባትዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥፋቱ የሌላው ሾፌር ሆኖ መድን ሰጪዎ ገንዘቡን ከዚያ ካስመለሰ ቅናሹ ይጠበቅልዎ እንደሆነም አብረው ይጠይቁ፤ ካልጠየቁ የሚያነሳልዎ የለም።

ሌላው ሐቀኝነት የሚፈለግበት ቦታ የመኪናው ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ተሰቅሏል። በድሮው ግምት የሚያድስ ሰው አረቦን ያተረፈ ይመስለዋል። 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ከተመዘገበ፣ ለ300,000 ብር ጉዳት የሚከፈለው 150,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ ይነሳል። ለግማሹ ዋጋ መድን ሰጪው ባለቤቱ ራሱ ሆኗልና።

አጠቃቀሙም እንዲሁ። በግል ታርጋ ተመዝግቦ ቱሪስት ወደ ደባርቅ የሚያመላልስ፣ ወይም በጥምቀት ሰሞን በክፍያ ሰው የሚጭን መኪና «ለግል» ተብሎ ሊታደስ አይገባም።

እድሳቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይጀመር። አደጋ ያለበት ፋይል ተጨማሪ ምርመራና የበላይ ውሳኔ ሊፈልግ ይችላል፤ በመጨረሻው ቀን የሄደ ሰው የቀረበለትን ዋጋ ከሌላ ኩባንያ ጋር ለማነጻጸር ጊዜ አያገኝም። ሌላ ጋ ሲሄዱም ያንኑ የአደጋ ታሪክ ሳይቀንሱ ያቅርቡ። ፖሊሲው ሲሰጥዎ ከመስኮቱ ሳይርቁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር፣ የተመዘገበውን ዋጋ፣ የአጠቃቀሙን ዓይነት፣ የተቀናሹን መጠንና ያወጁት አደጋ መስፈሩን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የተሳሳተ ነገር ካለ ማስተካከያው በኢንዶርስመንት (በፖሊሲ ማሻሻያ ወረቀት) ተጽፎ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ በቃል «እናስተካክለዋለን» መባል አይበቃም።