የቅቤ ቢላዋ

ዛሬ ጠዋት ካውንቲ ክሌር፣ አየርላንድ፣ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር። ያካፋል። ሰማንያ የሚጠጋቸው አዛውንት አንጸባራቂ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው የእግረኛ መንገዱ ላይ ተንበርክከዋል። የወደቁ መስሎኝ ሮጥኩ።

አልወደቁም። በድንጋዮቹ መሃል የበቀለውን ሣር እየፈለፈሉ ነው። በምን? ቅቤ ዳቦ ላይ በሚቀቡበት ቢላዋ! እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ጫፉ ከድንጋይ ጋር ሲታገል ከርሞ ዶልዱሟል። «ይሄ ነው ከነሥሩ የሚያወጣው» ብለው አንዷን ሣር አንስተው አሳዩኝ። ሥሯ እንደ ክር ቀጥኖ ረዝሟል።

«ማዘጋጃ ቤቱ አይሠራውም?» አልኳቸው።

«መንደሩ እኮ የኛ ነው» አሉኝ።

እዚህ ታይዲ ታውንስ የሚባል አገር አቀፍ የጽዳትና የውበት ውድድር አለ። የተጀመረው በ1958 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዳኞቹ ሳይነግሩ መጥተው፣ ዞር ዞር ብለው አይተው ይሄዳሉ። ሥራው የበጎ ፈቃደኞች ነው።

ስፖርታቸውም ያው ነው። በ2024 ክሌር ሌላውን ካውንቲ ኮርክን አሸንፎ የሀርሊንግን (በዱላና በኳስ የሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ ነው) ዋንጫ ሲያነሳ ተጫዋቾቹ ደሞዝተኛ አልነበሩም። በክለብም ቢሆን ሰው የሚጫወተው ላደገበት አጥቢያ ነው። ይሄ ነገር ልቤን ይነካዋል። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ስንት ድንጋይ ረግጬ አለፍኩ፣ አንዷን እንኳ ጎንበስ ብዬ ሳላይ!

አውቶቡሱ መጣ። በመስኮት ዞሬ አየኋቸው። ቢላዋውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ወደሚቀጥለው ድንጋይ በጉልበታቸው እየተጠጉ ነበር።