ከሮቶ እስከ ሻወር፦ የቦይለር ሙቅ ውሃ መስመር በደሴ ቤት

ሙቁን ውሃ ወደ ሻወር የሚገፋው ቦይለሩ ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይህ ካልተያዘ ቀሪው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ደሴ ላይ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ቀዝቃዛውን የሚሰጠን ሮቶው (የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከሩ) ነው፤ ግፊቱም ሮቶው ከሻወሩ በላይ ባለው ከፍታ ይወሰናል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው፤ 3 ሜትር እንግዲህ 0.3 ባር ብቻ። ስለዚህ ቦይለሩን ከመግዛቴ በፊት የሮቶውን ማቆሚያ ለካሁ፣ ከፍም አደረግሁት።

የገጠምኩት 80 ሊትር፣ 1.5 ኪሎዋት ነው። ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3 ሰዓት ሊጠጋ ይፈልጋል። ውሃ ሲሞላ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) አይዝም። ግድግዳውን ዘልቆ የሚወጣ ብሎን አስገብቼ በጀርባው ጠፍጣፋ ብረት ደግፌ አሰርኩት።

ከሮቶ እስከ ቦይለር 25 ሚሊ፣ ከቦይለር ወደ ሻወር 20 ሚሊ ፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ተጠቀምኩ፤ ለሙቁ መስመር መሃሉ ፋይበር ያለበትን። ተራው ፒፒአር 5 ሜትር ርዝመት ላይ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሳንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ አጥብቀው ካሰሩት ይጎብጣል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ብየዳው ላይ ነው። የቧንቧ መበየጃ ማሽኑ 260 ዲግሪ ይድረስ፤ 20 ሚሊውን 5 ሰከንድ፣ 25 ሚሊውን 7 ሰከንድ አሙቆ ሳያሽከረክሩ ቀጥ አድርጎ መግፋት ነው። 20 ሚሊው ቧንቧ ወደ መጋጠሚያው የሚገባው 14 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ቀድሜ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። ከልክ በላይ ከገባ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። የቧንቧው ውስጥ ስፋት ራሱ 13 ሚሊ ብቻ ነው፤ በ0.3 ባር እንዲህ ያለ ሁለት መጋጠሚያ ካለ ሻወሩ መንጠባጠብ ይጀምራል። በቁራጭ ቧንቧ ሞክሬ በመጋዝ ሰንጥቄ ውስጡን ካየሁ በኋላ ነው ወደ ዋናው የገባሁት።

የመጀመሪያውን መስመር በበሩ አናት አዙሬው ነበር። ወጥቶ የሚወርድ መስመር አናቱ ላይ አየር ይይዛል፤ ይህን አየር ለመግፋት 0.3 ባር አቅም የለውም። አፍርሼ ከሥር በኩል አሳለፍኩት።

የሚክሰሩም (ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው የሻወር ቧንቧ) ቀዝቃዛ ውሃ ከዚያው ከሮቶ ይምጣ። ከከተማው መስመር በቀጥታ ከወሰዳችሁ፣ ፈረቃው ሲደርስ የሚመጣው ግፊት ከሮቶው ስለሚበልጥ ቀዝቃዛው በሚክሰሩ በኩል ወደ ሙቁ መስመር ይገባና ከሻወሩ ቀዝቃዛ ብቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ፣ ከሐረጎ ዳገት በታች፣ አየሩ ሞቅ ስለሚል ሰው ይችለው ይሆናል፤ ደሴ ላይ ግን ማለዳ ማን ይችለዋል?

በቦይለሩ ሰማያዊ (የቀዝቃዛ ውሃ) መግቢያ ላይ ሴፍቲ ቫልቩ ቀስቱ ወደ ቦይለሩ እያመለከተ ይገጠማል፤ በሁለቱ መሃል ሌላ ቫልቭ በፍጹም አይገባም። ሥራው ሁለት ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን የቦይለሩ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል፤ ካልያዘ ኤለመንቱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) በደረቁ ይቃጠላል። 80 ሊትር ውሃ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ 1.3 ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ግፊቱ ከ7 ወይም 8 ባር ሲያልፍ ትርፉ በቫልቩ ጎን ይንጠባጠባል። ይህን ጠብታ ብልሽት መስሏቸው የሚደፍኑ አሉ። እባካችሁ አትድፈኑት! ቀጭን ላስቲክ አስገብታችሁ ወደ ፍሳሽ አውርዱት።

ኤሌክትሪኩ 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከርና በትክክል የተዘረጋ የመሬት (ኧርዝ) ሽቦ ያስፈልገዋል። ብሬከሩን ያበራሁት ግን የሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ውሃው ያለ አየር፣ ሳይተፋ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። የሴፍቲ ቫልቩን እጀታ በወር አንዴ ብድግ አድርጎ ውሃ ማስወጣት ኖራ እንዳያጣብቀው ይረዳል።