ያጸዳኋት ጎድጓዳ

ፊኒክስ ውስጥ የምሠራበት አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ዋና እንጀራው ሰው በእግሩ የተጓዘውን መንገድ በእንጨት መቅረጽ ነው። ደንበኛው የእጅ ሰዓቱ የመዘገበውን የጂፒኤስ ፋይል ይልካል። እኛ ደግሞ የጉዞውን ዳገትና ቁልቁለት ከዋልነት እንጨት ፈልፍለን፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንቀብርበታለን። ፋይሉን ማጽዳት የእኔ ድርሻ ነው። ጉድ የሠራችኝም ይህች "ማጽዳት" የምትባል ቃል ናት።

አንዲት አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ግራንድ ካንየን የተባለውን ግዙፍ ገደል ከሰሜን ጠርዝ እስከ ደቡብ ጠርዝ በአንድ ቀን ያቋረጠችበትን ፋይል ላከች። ደጀን ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ያው አባይ በረሃ ነው። ተራራ ሲወጡ የደከመ ሰው ይመለሳል፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው። በረሃ ግን መጀመሪያ እያባበለ ያወርድና ዳገቱን ጉልበት ሲያልቅ ያመጣዋል። እነሱም በኖርዝ ካይባብ መንገድ ከ2,512 ሜትር ተነስተው፣ ኮሎራዶ ወንዝ አጠገብ 750 ሜትር ድረስ ወርደው፣ በብራይት ኤንጀል መንገድ እንደገና 2,091 ሜትር ላይ ወጥተዋል።

የመንገዱ ርዝመት 38 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በ60 ሳንቲ ሜትር እንጨት ላይ በትክክለኛው ልክ ብናወርደው ጥልቀቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ያን ያህል የተለፋበት ገደል የምጣድ ጠርዝ ይመስላል። ስለዚህ ቁመቱን አምስት ጊዜ እናገንነዋለን። ደንበኞች ይህን አይጠይቁም፣ እኛም አንናገርም።

ፋይሉን ስከፍት ወንዙ ሳይደረስ ባለው "ቦክስ" በሚሉት ጠባብ ገደል ውስጥ መስመሩ እንደ ሰከረ ሰው ይዘላል። የሳተላይቱ ምልክት ከጥቁሩ የድንጋይ ግድግዳ እየነጠረ ሰዓቱን ስለሚያሳስተው እንዲህ ያለውን ሁሌ አየዋለሁ፤ አስተካከልኩት። ወረድ ብዬ የመጨረሻው ዳገት አጋማሽ ላይ ሌላ ጎድጓዳ አገኘሁ፤ መስመሩ እየወጣ ሳለ 120 ሜትር ያህል ወርዶ እንደገና ይወጣል። ፋይሉ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ይላል። ሁለቱን ትርፍ ኪሎ ሜትር በሰዓቱ ስህተት አሳበብኩና ደለደልኩት። ዳገቱ ቀጥ ብሎ አማረ።

ልትወስደው ስትመጣ ከሰሜን ጀምራ ጣቷን በሽቦው ላይ እያስኬደች ቁልቁለቱን ጨረሰች። ዳገቱ መሀል ላይ ጣቷ ቆመ፤ ተመለሰች፤ እንደገና አስኬደች።

"የወረድኩበት የታል?" አለችኝ።

ለካ ዳገቱ ላይ ወዳለው "ሦስት ማይል" የሚሉት ማረፊያ ስትቃረብ ወንድሟ ከኋላዋ የለም። ውኃና ጨው ያለው ብስኩት ይዛ፣ የወጣችውን ዳገት ተመልሳ ወርዳ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ "ከዚህ አልነቃነቅም" ሲል አገኘችው። አስነስታ እያሳረፈች አወጣችው፤ ጠርዙ ላይ የደረሱት በራስ ባትሪ ነው። ቅርጹንም ያሠራችው ለልደቱ ልትሰጠው ነበር።

ምን እላለሁ? "አሳምሬልሽ ነው" ልበል?

አለቃዬ እንጨቱን ይቅር ብሎኝ ሥራውን ቅዳሜ በራሴ ጊዜ እንድደግመው አዘዘኝ። ፋይሉን መልሼ ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ቅርጹን ሳይሆን እያንዳንዱ ነጥብ የተመዘገበበትን ጊዜ የሚያሳየውን ዓምድ ነው። ቦክስ ውስጥ መስመሩ 80 ሜትር የዘለለው በሁለት ሰከንድ ነው፤ በሁለት ሰከንድ ያን ያህል የሚወጣ ሰው የለም። ጎድጓዳዋ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ወስዳለች፣ ከዚያ ውስጥ 20 ደቂቃው አንድ ቦታ ላይ መቀመጥ ነው። እዚያው ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የጊዜውን ዓምድ ሳላይ አንዲት ነጥብ አላነሳም፤ አለቃዬ ሥራ ታጓትታለህ እያለ ይነጫነጫል።

ሁለተኛውን ልትወስድ ስትመጣ ወንድሟንም ይዛው መጣች፤ ግዙፍ ሰው ነው። አውራ ጣቱን አንድ ሳንቲ ሜትር በማትሞላው ጎድጓዳ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ቆየና፣

"ይቺው ናት? እኔ ጥልቅ መስሎኝ ነበር" አለ።

አምስት ጊዜ መጋነኑን አልነገርኩትም።